አፈርን በአምስቱ የስሜት ሕዋሳት፦ ቀልብን ወደ መሬት የመመለስ የአሠራር መመሪያ

ብዙዎቻችን ቀኑን ሙሉ አፈር ሳንነካ እንውላለን። ከወለል ወደ አስፋልት፣ ከአስፋልት ወደ ሊፍት፣ ከሊፍት ወደ ወንበር። እጃችን ከስልክና ከኮምፒውተር ሌላ የሚዳስሰው ነገር ጥቂት ነው። ማታ ላይ ሰውነት ይዝላል፤ ሐሳብ ግን መብሰልሰሉን አይተውም። ይህ መመሪያ እንዲህ ለሚሰማው ሰው የተጻፈ ነው። የሚጠይቀው ጥቂት አፈር፣ ትንሽ ውሃና 20 ደቂቃ ያህል ጊዜ ነው።

"ከመሬት ጋር መገናኘት" ሲባል ወሬው ቶሎ ወደ ኃይል፣ ወደ ሞገድ፣ ወደ ንዝረት ይሄዳል። እኔ የምለው ከዚያ ያነሰና የሚጨበጥ ነው። መሬት ስል ጥፍር ውስጥ የሚገባውን፣ ሲረጥብ የሚሸተውን አፈር ማለቴ ነው። ቀልብ የሚሰበሰበው ስለ መሬት በማሰብ አይደለም። አንድ ጭብጥ አፈር ይዞ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ ልብ ብሎ በማየትና በመዳሰስ ነው።

የጥንት የህንድ ሊቃውንት ስለ አምስቱ ባሕርያት ሲያስተምሩ ለእያንዳንዱ የስሜት ድርሻ ይሰጡ ነበር። ጠፈር ይሰማል ብቻ። ነፋስ ይሰማል፣ ይዳሰሳል። እሳት በዚያ ላይ ይታያል። ውሃ ደግሞ ይቀመሳል። በአምስቱም የስሜት ሕዋሳት የሚገኘው ግን መሬት ብቻ ነው ይላሉ፤ ሽታም የእሱ የራሱ ድርሻ ነው። ትምህርቱን ተቀበሉም አልተቀበሉ፣ ለልምምድ ጥሩ መንገድ ይከፍታል። እኛም በዚያው እንሄዳለን። ሁሉም ስሜት ግን እኩል ጊዜ አይወስድም፤ አፍንጫና እጅ ብዙውን ይወስዳሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ቦታ ምረጡ። የአንድ ክንድ ስፋት ያለው መሬት ይበቃል። የዛፍ ሥር፣ የአጥር ጥግ፣ የመናፈሻ ዳር፣ ካልተገኘም የአበባ ማሰሮ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ተመላልሳችሁ የምትመጡበት መሆኑ ነው። ቦታ ማቀያየር ደስ ይላል፤ አፈር ጠባዩን የሚያሳየው ግን ለተመላለሰበት ሰው ነው።

መኪና የሚበዛበት መንገድ ዳር፣ አሮጌ ቀለም የሚረግፍበት ግድግዳ ሥር፣ ቆሻሻ የሚጣልበትና ኬሚካል የተረጨበት ቦታ ይቅርባችሁ። በተለይ መንገድ ዳርና አሮጌ ቀለም አጠገብ ያለ አፈር እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል።

እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሸፍኑት ወይም ጓንት አድርጉ። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ የመከላከያ ክትባታችሁን ከወሰዳችሁ 10 ዓመት ካለፈ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ጠይቁ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ድመት የሚጸዳዳበትን አፈር በባዶ እጅ አትንኩ። የተገዛ ኮምፖስት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከረጢቱን ደጅ ላይ፣ ከፊታችሁ አርቃችሁ ክፈቱት፤ አቧራው እንዳይነሳም ውሃ አርከፍክፉበት። ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ሊኖርበት ስለሚችል ነው። ሲጨርሱ እጅን በሳሙና መታጠብ ለሁሉም ነው፣ ሁልጊዜም ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ማንኪያ ወይም ትንሽ መኮትኮቻ፣ ፎጣ፣ ከተገኘም አጉሊ መነጽር ነው። ስልኩን ቤት ተዉት። ካልሆነላችሁ አጥፉት።

ተቀመጡ

ከመሬቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ መሬት ላይ መቀመጥ ለሚከብደው ዱካ ወይም ዝቅ ያለ ወንበር ይሆናል። አየር በአፍንጫችሁ ሳቡ፣ ከሳባችሁበት ጊዜ ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ። ይህን አምስት ስድስት ጊዜ አድርጉ። ወደ ውጪ የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ቀስ ይላል። ክብደታችሁ የት የት እንዳረፈም ልብ በሉ። ሌላ ነገር ለማድረግ አትቸኩሉ፣ ግን እዚህ ላይም ብዙ አትቆዩ። ትንፋሽ መግቢያ ነው።

አሽትቱ

ብዙ መመሪያዎች በባዶ እግር ይጀምራሉ። እኔ በአፍንጫ ጀምሩ እላለሁ። የሽታ መልእክት ስሜትንና ትዝታን ወደሚይዙት የአንጎል ክፍሎች የሚደርስበት መንገድ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት አጭር ነው። ገና ምን እንደሸተታችሁ ሳትለዩት ሆዳችሁ ቀድሞ ያውቀዋል።

ደረቅ አፈር በመዳፋችሁ ያዙና እንዲሁ አሽትቱት። ብዙም አይሸትም፤ ቢበዛ አቧራ አቧራ ይላል። አሁን ጣታችሁን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጠብ ጠብ አድርጉበት። አታፍሱበት። አንድ ሁለት ትንፋሽ ጠብቁና መዳፋችሁን ወደ አፍንጫችሁ አቅርቡ። ያ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ የምናውቀው ጠረን ብቅ ይላል።

ጠብ ጠብ ያልኩት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢዛቤል ጆይ ቤርና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ የአውስትራሊያ ሳይንቲስቶች፣ ይህ ጠረን በድርቅ ወቅት አፈርና ድንጋይ ላይ ከተጠራቀሙ ዘይቶች እንደሚመጣ ጽፈው ነበር። በ2015 ደግሞ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የውሃ ጠብታ አፈር ላይ ሲወድቅ በፈጣን ካሜራ ቀረጹ። ጠብታው ከሥሩ ጥቃቅን የአየር አረፋ ያፍናል። አረፋው በውሃው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣና ሲፈነዳ ደቃቅ ርጭት ወደ አየር ይበትናል። ይህ ከዶፍ ይልቅ በካፊያ ጊዜ ይበረታል። በጣታችሁ ጫፍ ካፊያውን ሠራችሁት ማለት ነው።

በጠረኑ ውስጥ ጎልቶ የሚወጣው ጂኦስሚን የተባለ ውህድ ነው። በዋናነት የሚያመርቱት አፈር ውስጥ የሚኖሩ ስትሬፕቶማይሲስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። የሰው አፍንጫ ለዚህ ውህድ እጅግ ስሱ ነው፤ ከትሪሊዮን እጅ ጥቂት እጅ ብቻ ቢኖር እንኳ ይለየዋል። አፍንጫችሁ ድሮ ቀረ የምትሉ ሰዎችም ሞክሩት፤ ለአፈር ጠረን የሚያስፈልገው መጠን ያን ያህል ትንሽ ነው።

አፍንጫ ግን ቶሎ ይለምዳል። ጠረኑ የጠፋ ሲመስላችሁ መዳፋችሁን አርቁ፣ የልብሳችሁን እጅጌ አሽትቱ፣ ከዚያ ተመለሱ። ቀጥሎ ከሌላ ቦታ ትንሽ አፈር አምጡና አስተያዩ። ቅጠል የበሰበሰበት የዛፍ ሥር አፈርና ብዙ ሰው የሚረግጠው የመንገድ አፈር በጣም ይለያያሉ። አንዱ ሞቅ ያለና ጣፈጥ ያለ ጠረን አለው፣ ሌላው ጭር ያለ ነው። የገማ እንቁላል ከሸተታችሁ ውሃ ተኝቶበት አየር ያጣ አፈር ነውና ተዉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በቅርቡ ሰው የቀበረ ሰው ትኩስ አፈር ሲሸተው ሐዘኑ ሊቀሰቀስበት ይችላል። ይህ የአፍንጫ መንገድ አጭር የመሆኑ ሌላው ጎን ነው። እንባ ከመጣ ይምጣ። ከከበዳችሁ ግን አፈሩን አስቀምጡና ወደ ድንጋይ ወይም ወደ ቅጠል ዙሩ። ራሳችሁን አታስገድዱ።

ዳስሱ

ከሁሉም በላይ የምወደው ይሄኛው ነው። የአፈር ባለሙያዎች መስክ ላይ አፈርን በእጅ የሚለዩበት ዘዴ አለ። እኛ የምንጠቀምበት ግን ቀልብን ለመሰብሰብ ነው።

አንድ ጭብጥ አፈር ውሰዱ። ጠጠሩን፣ ሥሩንና ጭራሮውን በጣታችሁ ልቀሙ። ይህን በጥድፊያ አታድርጉት፤ ጓሎቹ በጣታችሁ መሃል ሲፈረፈሩ የሚሰማችሁን ልብ በሉ። ከዚያ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ እንደ ሊጥ እስኪሆን እሹት። ከበዛበት ደረቅ አፈር ጨምሩ።

አሁን አድቦልቡሉት። ጨብጣችሁ ስትለቁት ይፈረሳል ወይስ ይይዛል? ወዲያው ከፈረሰ አሸዋ ይበዛዋል። ከያዘ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ግፉት፤ እንደ ጥብጣብ ጠፍጠፍ ብሎ ይወጣል። በራሱ ክብደት እስኪበጠስ ድረስ ግፉት። 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተበጠሰ ሸክላው ጥቂት ነው። እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከሄደ መካከለኛ ነው። ከ5 ካለፈ ሸክላ የበዛበት አፈር ይዛችኋል።

በመጨረሻ ቁንጥር አፈር መዳፋችሁ ላይ አድርጉ፣ በደንብ አርጥቡትና በሌላው እጅ ጣት እሹት። ዓይናችሁን ጨፍኑ። የሚሻክረው አሸዋ ነው። ዱቄት ዱቄት እያለ የሚለሰልሰው ደለል ነው። የሚጣበቀው ሸክላ ነው። አንድ የአሸዋ ቅንጣት እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ጣት ለይቶ ያውቀዋል። የሸክላ ቅንጣት ግን ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ጣት አንዱን ከአንዱ መለየት ስለማይችል ሙጫ ብቻ ሆኖ ይሰማዋል።

ይህን ስትሠሩ ጥብጣቡ እንዳይበጠስ ትጠነቀቃላችሁ፤ የቀኑ ጣጣ ለጊዜው ይረሳል። ሐሳብ ዝም በል ሲሉት ዝም አይልም፣ ሥራ ሲሰጡት ግን አደብ ይገዛል። ለዚህ ነው ዓይን ጨፍኖ ብቻ መቀመጥ የሚከብዳቸው ሰዎች ይህ የሚሆንላቸው።

ሙቀቱንም ዳስሱ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። ፀሐይ በበረታ ሰዓት ላዩ ያቃጥላል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ማታ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ላዩ ሲበርድ ውስጡ ገና የቀኑን ሙቀት እንደያዘ ነው። ጠዋትና ማታ ሞክራችሁ አወዳድሩ።

እግር፣ በጥንቃቄ

በባዶ እግር መቆም ደስ ይላል። ለሁሉም ሰውና ለሁሉም ቦታ ግን አይሆንም። ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መኖር ደግሞ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት፣ ማለትም አንዱን የዝሆኔ ዓይነት ያመጣል። የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነም ጫማ አታውልቁ፤ እሾህ ቢወጋችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ።

ጫማ አድርጋችሁም ይሠራል። እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ። ክብደታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ተረከዝ፣ ከዚያ ወደ ጣቶች፣ ከዚያ ወደ ጎን አዙሩ። የምትደገፉት ነገር አጠገባችሁ ካለ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ወዲያው ቁርጭምጭሚታችሁ ሳያቋርጥ ጥቃቅን ማስተካከያ ሲያደርግ ይሰማችኋል። ዓይን ሳያይ አካላችን የት እንዳለ የሚነግሩንን የግፊት መቀበያዎች ያገኘው አርደም ፓታፑቲያን እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። መቀበያዎቹ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናቸው፤ ልብ የምንላቸው ግን አልፎ አልፎ ነው።

ከመሬት ወደ ሰውነት የሚገባ ኤሌክትሮን በሽታ ይፈውሳል ተብሎ የሚሸጥ ምንጣፍና አንሶላ አለ። ይህን የሚያሳምን ጠንካራ ማስረጃ የለም። ገንዘባችሁን አታውጡበት።

እዩ

አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ከልሉና እሷን ብቻ እዩ። መጀመሪያ ቀለሙን። ቀይና ቢጫው ከብረት ኦክሳይድ ይመጣል። ጥቁረቱ ብዙ ጊዜ ከበሰበሰ ቅጠልና ሥር ነው። ግራጫ ከሆነ ውሃ የሚተኛበት ሊሆን ይችላል። ደረቁን አይታችሁ አርጥቡትና ደግማችሁ እዩ፤ ቀለሙ ይጠቁራል።

ከዚያ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋችሁ አጉሊ መነጽሩን ጠጋ አድርጉ። ነጫጭ የፈንገስ ክሮች፣ ፈንጠር የሚሉ ጥቃቅን ነፍሳት፣ የምድር ትል የተፋው እንክብል እንክብል አፈር ይታያችኋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ግምት ከምድር ዝርያዎች ሁሉ 59 በመቶ ያህሉ አፈር ውስጥ እንደሚኖሩ ያሳያል። አንድ የሻይ ማንኪያ ለም አፈር እስከ ቢሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። በመነጽር የምታዩት እንግዲህ ትልልቆቹን ነው።

አዳምጡ

አጭር ናት ይህቺ። በጣም የደረቀ፣ የተሰነጠቀ መሬት ፈልጉ። ጆሮአችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት። ሲጠጣ ይሰማል፤ ሽሽሽ ይላል፣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ውሃው ሲገባ በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ የነበረው አየር እየወጣ ነው። ከዚህ ሌላ መዳፋችሁን መሬት ላይ ዘርጉና አጠገባችሁ የሚረግጥ ሰው ካለ እርምጃውን በእጃችሁ ለመስማት ሞክሩ። ዝሆኖች ከሩቅ የሚመጣ ንዝረትን በእግራቸው ያውቃሉ።

ስለ መቅመስ

አፈር አትቅመሱ። የትል እንቁላልና እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የመሬትን ጣዕም ለማግኘት ቀይ ሥር በደንብ አጥባችሁ ቀስ ብላችሁ አኝኩ፤ ያ አፈር አፈር የሚለው ጣዕም የዚያው የጂኦስሚን ነው። አፈር የመብላት አምሮት በተደጋጋሚ የሚመጣባችሁ ከሆነ ግን፣ በተለይ በእርግዝና ጊዜ፣ የብረት ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ተመርመሩ።

ጭንቀት ድንገት ሲመጣ

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከአምስት ወደ አንድ የሚወርድ ልምምድ ያስተምራሉ። ከአፈር ጋር እንዲህ ይሆናል። የሚታዩ አምስት ነገሮችን በስማቸው ጥሩ፦ ጠጠር፣ ቅጠል፣ ስንጥቅ፣ ጉንዳን፣ ጥላ። የሚዳሰሱ አራት፣ የሚሰሙ ሦስት፣ የሚሸቱ ሁለት፣ የሚቀመስ አንድ። ለመጨረሻው አንድ ጉንጭ ውሃ ይበቃል። ድምፅ አውጥታችሁ ጥሯቸው፤ በሐሳብ ብቻ ከሆነ ቶሎ ይጠፋል። ይህ ማዕበሉን ለማሳለፍ ይረዳል፤ ሕክምናን ግን አይተካም። ጭንቀቱ ለሳምንታት ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከወሰደ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ባለሙያ አማክሩ።

ደጅ መውጣት ለማይችል

አፓርታማ ላይ ለሚኖር ሰው ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን በቂ ነው። ጥሩ የዛፍ ሥር አፈር ሙሉት፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ሙሉ በሙሉ እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ውሃ አርከፍክፉበት። ሕይወት ያለው አፈር ነው የሚሸተው። አልጋ ላይ ለዋለ በሽተኛ ሳህኑን ይዞ መቅረብ ይቻላል፤ ሰውነቱ በሽታ የመከላከል አቅሙ ከተዳከመ ግን በአፈሩ ፈንታ ታጥቦ የደረቀ ለስላሳ ድንጋይ መዳፉ ውስጥ አድርጉለት። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቀስ በቀስ የእጁን ሙቀት ይወስዳል። መስኮቱም ዛፍ የሚያሳይ ከሆነ አልጋውን ወደዚያ አዙሩለት። ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት፣ ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ ዛፍ የሚያዩ ሕሙማን የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተው ነበር፤ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር።

ስንት ጊዜ?

እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ወጥቶ ነበር። በሳምንት በድምሩ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ በተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናችን ጥሩ ነው፣ ኑሯችንም ደህና ነው የማለት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። በአንድ ጊዜም ይሁን ተከፋፍሎ ልዩነት አልነበረውም። ጥናቱ መንስኤውን አያረጋግጥም፤ እንደ መነሻ ግን ጥሩ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን 20 ደቂቃ ማለት ነው። አምስቱንም ስሜት በአንድ ቀን ለመጨረስ አትጣሩ። ዛሬ ሽታ፣ ነገ ጥብጣብ ብታደርጉ ይሻላል።

ስትነሱ የቆፈራችሁትን አፈር ወደ ጉድጓዱ መልሱና ደረቅ ቅጠል አልብሱት። የተራቆተ አፈር በፀሐይና በዝናብ ላዩ ይደርቃል፣ ቅርፊት ያወጣል፣ ውስጡ ያሉት ነፍሳትም ይጎዳሉ። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር እስከ 1,000 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። የምትቀመጡበት ጎን ተረግጦ መጠንከር ከጀመረ ለጥቂት ሳምንታት በሌላኛው በኩል ተቀመጡ።